ሲጠብቅ፣ ሲላላ

ሞጣ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ የይርሳው ወፍጮ ቤት፣
ሚዛን ያዥ ነኝ እኔ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዱቄት የተነፈስኩበት።
ቅንድቤ የሸበተው በዕድሜ እንዳይመስላችሁ፣
የገብስ ብናኝ ነው፤ እፍ በሉት ቀርባችሁ።

አንድ የሐምሌ ማክሰኞ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ፣
የማላውቀው ሰው መጣ፣ ግማሽ ኩንታል ገብስ፣ አንድ አህያ አስከትሎ።
መብራት ጠፍቶ ነበር። ተራውን ሲጠብቅ ከሰል አገኘና፣
ከክፈፉ ሥር፣ በኖራው ላይ፣ ሁለት መስመር ጻፈ፤ ራቅ ብሎ አየና
ዝም አለ። መብራቱ ሲመጣ ገብሱን አስፈጨ፣ ሒሳቡን ከፈለ፤
ስሙን ሳልጠይቀው፣ አህያውን ነድቶ፣ ወደ አባይ ቁልቁለት ሄደ፣ ተከለለ።

    አባይ ሞልቷል አሉ፣ ክረምቱ አልወጣም፤
    በሩን እንዳትዘጊው፣ ዛሬም አልመጣም።

ዘጠኝ ቃል ነው በቃ፤ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት መርፌው አይነቃነቅ፤
ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ጥግ ውሎ አያውቅም ሰው ሳይጨናነቅ።

ስንሻው፣ የአይሱዙው ሾፌር፣ ከመሪው ሳይነሳ አንብቦት በመስኮት፣
«መንገዱ ተዘጋ በሉኛ!» አለና፣ መኪናውን አዞረው በድንገት።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ግን በጣታቸው ቆጠሩት፦
«ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ አምስት። አንድ ቀለም ይጎድላል፤ ግጥሙን አንካሳ አደረጉት!»
ብለው ሄዱ። በማግስቱ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ጃንጥላቸውን አጥፈው ቆሙ፤
«ጉድለቱ ሆን ተብሎ ይሆን?» አሉ፣ ለራሳቸው፣ እየደጋገሙ።

ውባለም ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የእንጉዳይ ልጅ፤ ለእናቷ ስታነብላት
አላልታ አነበበችው፦ ያ ሰው «እኔ አልመጣም» ብሎ ነው የላከላት።
እንጉዳይ ጆንያዋን ከትከሻዋ አወረደች።
«አጥብቂው» አለች። «አጥብቂው። እሱ ነው ያልመጣ» አለች።
ልጅቱ «እማ፣ ሁለቱም ይሆናል፤ ፊደሉ አይለይም» ብላ ልታስረዳ፣
እናት ግን ቆማ ቀረች፣ መዳፏን አስደግፋ ከዚያ ግድግዳ።
ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከወረደ አራት መስከረም አልፎት ነበር።
«ጠበቀ» ማለት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱን ከፊደል ቤት ተማርኩ፣ ሌላውን ከሷ ፊት፣ ሳልናገር።

ለመስቀል ይርሳው ኖራ ገዝቶ፣ «ቀባው ይህን ጥቀርሻ» አለኝ፤
ቀባሁት። ኖራው ሲደርቅ ከሰሉ ከሥሩ ወጥቶ አየኝ።
ደግሜ ቀባሁ። ያን ጊዜ ሌላው ጠፋ፤
«አልመጣም» ብቻ ቀረች፣ ግራጫ ሆና፣ ጫፉ ላይ ተለጥፋ።
ሰው ግን አሁንም ያነበዋል፣ ሙሉውን፣ እንደ ነበረ፤
አንዱ በ«አባይ» ቦታ የሰፈሩን ወንዝ ከተተ፤ ማንም አልተከራከረ።

ስለኔ አትጠይቁኝ፤ መዛኝ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁ፣
እያልኩ ነበር እስካሁን። ዋሸሁ።
ከሰባራ ድልድይ ማዶ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች፤
ሐምሌ ነበር፤ ወንዙ አልሞላም ነበር፤ በሩን ግን ከፍታ አደረች።
እኔ አላልቼ ነው የማነበው።

ሰውዬው ይህን ከየት አወቀ? አላወቀም። ገብስ ሊያስፈጭ ነው የመጣ፤
ምናልባት ለመብራት ኃይል ነው የጻፈው፣ ዛሬም መብራት ሳይመጣ።

መሪጌታ ትናንት መጥተው «ያቺን የጎደለች ቀለም አገኘኋት» አሉኝ፤
«ማን ናት?» ብላቸው፣ ዱቄታቸውን አሸክመው፣ እየሄዱ ሳቁብኝ።

ሲመሽ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ሚዛኑን ወደ ዜሮ እመልሳለሁ፤
ከዚያ በሩ ዘንድ፣ ቁልፉ እጄ ላይ እያለ፣ ትንሽ እቆማለሁ።